ማኑቬላውና የቆረቆንዳው ጋዝ

ነሐሴ 6፣ ማክሰኞ፣ ከሰዓት

ሁለተኛው በርሜል ተቆረጠ። አንድ የግራይንደር ዲስክ ሰበርኩ፣ ግራ እጄ ላይ የብየዳ ብልጭታ አረፈ። ምንም አይደል። ቆዳ ይተካል፤ ደህና በርሜል ግን ሶዶ ገበያ ተፈልጎም አይገኝም።

የማስተምርበት ዎርክሾፕ ጭር ብሏል። ክረምት ነው፣ ተማሪ የለም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። የዳሞታ ተራራ ከጠዋት ጀምሮ በጉም ተሸፋፍኗል፣ እኔ ደግሞ በብየዳ ጭስ። ዘበኛው መጥቶ አየኝና ራሱን እየነቀነቀ ተመለሰ። መ/ርት አስቴር ለየላት ሳይል አልቀረም።

አንተ ደብተር፣ እስከ ዛሬ የጻፍኩብህ የስብሰባና የተማሪ ስሞታ ነው። እስቲ ዛሬ ቁም ነገር ስማ። አባባ ጉኑኖ በሚባለው አገራችን ወፍጮ አለው። በናፍጣ የሚሠራ፣ በዕድሜ እኔን የሚበልጥ። እኔንና ወንድሞቼን ያስተማረን ያ ወፍጮ ነው። ናፍጣ መጥፋት ከጀመረ ወዲህ አንድ ቀን ሠርቶ ሳምንት ያርፍ ነበር፤ አሁን ጨርሶ ዝም ብሏል። ሴቶቹ እህላቸውን በሚኒባስ ጭነው ሶዶ ይመላለሳሉ። ያልቻለች በድንጋይ ትፈጫለች። አባባ በወፍጮ ቤቱ በር ማለፍ ትቷል። ቸርች የሚሄደው በጓሮ ዞሮ ነው።

በቀደም አንድ ብረት ገዢ ከሶዶ ሄዶ ሞተሩን ቆራርጬ ልውሰድ አለው። አባባም ቃል ሰጠ፦ ለጊፋታ ካልዞረ ያንተ ነው። የአባባን ቃል አንተ አታውቀውም። የቸርች ሽማግሌ ነው፤ የተናገረውን መልሶ አይውጥም። ስለዚህ ለወላይታ አዲስ ዓመት፣ በመስከረም አጋማሽ ለሚውለው ጊፋታ፣ ወፍጮው መዞር አለበት። አለዚያ ለቁርጥራጭ ይሄዳል። አባባም አብሮት የሚሄድ ይመስለኛል።

እኔ ምን አሰብኩ? ጋዝ። እንጨትን አየር ከልክለህ በኃይለኛ ሙቀት ብትጠብሰው አይነድም፤ ጋዝ ሆኖ ይወጣል። ጋዙ ሞተር ያዞራል። ነገሩ ይኸው ነው። የቀረው ብየዳ ነው፣ ብየዳ ደግሞ እንጀራዬ ነው።

ነሐሴ 9፣ ዓርብ

ጋዝ ወጣ። ነደደም። እልል ልል አፌን ከፍቼ ቶሎ ዘጋሁት።

ነበልባሉ ቢጫ ነው፣ ጥቀርሻ ይተፋል። ቱቦውን ስፈታው ውስጡ ጥቁር ሙጫ። ይህ ነገር ሞተር ውስጥ ቢገባ ቫልቩን አጣብቆ ያስቀረዋል። ያውም የአባባን ሞተር።

ይርጋን ጠራሁት። ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ያስተምራል፣ የጎጃም ሰው ነው። ሶዶ ተመድቦ መጣ፣ እዚሁ ቀረ። ወላይትኛ ይሞክራል፣ የሰፈር ልጆች ይስቁበታል። ፍልሰታን እየጾመ፣ ከንፈሩ ደርቆ፣ የሙቀት መለኪያ ሽቦውን በቦርሳ ይዞ ከች አለ። ሽቦውን በርሜሉ ውስጥ ሰደድነው። ቁጥሩን አይቶ ፊቱን አጨማደደ። ይህ ሙቀት ከሰል ለማክሰል እንጂ ንጹህ ጋዝ ለማውጣት አይበቃም አለኝ። ጭሱም ቀጥታ ወደ ቱቦ መሄድ የለበትም፤ በጋለ ፍም መሃል ማለፍ አለበት፣ ሙጫው እዚያ ይሰባበራል። እሳት ካየው ምን ለየው ብዬ ቀለድኩ። ሁለቴ ካላየው ይለያል አለ፣ ፈገግ ሳይል።

ተናደድኩ። ግን ልክ ነው። ነገ ጡብ ፍለጋ።

ነሐሴ 14፣ ረቡዕ፣ ከሰዓት

ሰማያዊ።

ደብተር፣ ሰማያዊ ነው የምልህ። በርሜሉን በውስጥ በኩል በእሳት ጡብ ለበጥኩት፣ መሃሉን እንደ ጉሮሮ አጠበብኩት። ሙቀቱ እዚያ ጉሮሮ ላይ ይጠራቀማል፣ ጭሱ ከላይ ወርዶ በፍሙ ውስጥ ለማለፍ ይገደዳል። የይርጋ መለኪያ ከሺህ ዲግሪ አለፈ። ለኮስኩት። መጀመሪያ ምንም የሌለ መሰለኝ፣ በቀን ብርሃን አይታይም። ይርጋ ወረቀት አስጠጋ፣ ቦግ አለ። ጠጋ ብዬ ሳይ ቀጭን ሰማያዊ ነበልባል፣ ጭስ የሌለው። አጥፍተን ነጭ መሐረቡን ቱቦው አፍ ላይ ያዘው። እንደ ነጣ ተመለሰ።

ይርጋ ጣቱን እያወዛወዘ አስጠነቀቀኝ። ይህ ጋዝ ሽታ የለውም፣ ሰው አስተኝቶ አያስነሳም። ሁልጊዜ ሜዳ ላይ፣ ነፋስ በሚነፍስበት። እሺ አልኩት። ለወፍጮ ብዬ እማዬን አላስለቅስም።

ሆዴ ቅቤ ጠጣ። ዘበኛውን ራሱን ጠርቼ አሳየሁት። አየና ሻይ ማፍላት ይችላል ወይ አለኝ። ይችላል አልኩ። በዓለም ላይ የማይችለው ነገር የለም ዛሬ።

ነሐሴ 17፣ ቅዳሜ፣ ጉኑኖ

በጭነት መኪና ደረስን። መንገዱ ጭቃ፣ በርሜሉን እንደ አራስ ደግፌ ነው የመጣሁት። ይርጋም አብሮኝ። ጾሙ ተፈቷል፣ ስለዚህ እማዬ አልማረችውም። ፎሰሴ በቅቤ፣ ጎመኑና የበቆሎ ዱቄቱ አብሮ የተሠራ፣ ከጎኑ ዳታ። የሶዶ ሆቴል ዳታ የለመደ ሰው የእማዬን በርበሬ በማንኪያ አነሳው። እንባው ወረደ። እማዬ ደስ አላት፣ ይህ ልጅ ወገናችን ነው አለች።

አባባ በርሜሉን ዞረው። በጣቱ አንኳኳው። ምን እንደሚበላ ጠየቀኝ። ቆረቆንዳ አልኩት፣ በቆሎው ተፈልፍሎ የሚቀረው። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ብሎ ወደ ቤት ገባ።

ማኑቬላውን፣ የሞተሩን ማስነሻ ብረት፣ አልሰጠኝም። አልጋው ሥር በጆንያ ተጠቅልሎ እንዳለ አውቃለሁ። ሞተሩ ያለ እሱ አይነሳም፣ ማኑቬላውን የያዘ ነው የወፍጮው ባለቤት። ልጅ ሆኜ አንድ ቀን ልነካው ብሞክር ከለከለኝ። ወደ ኋላ ይመታል፣ እጅ ይሰብራል ነበር ምክንያቱ። የወንድሞቼን እጅ ግን የሚሰብር አይመስለኝም ነበር፤ እነሱን እየጠራ ያስይዛቸው ነበር። አንዱ ዛሬ አዋሳ፣ አንዱ አዲስ አበባ ነው። ወፍጮ የሚል ቃል ከአፋቸው አይወጣም።

ነሐሴ 20፣ ማክሰኞ

ተተከለ። ጎረቤቶች በዳጓ ወጡ፣ በእኛ አገር ሥራ ሲከብድ ሁሉም ተራ በተራ ለሁሉም የሚወጣበት ነው። ከወፍጮ ቤቱ ውጭ ዳስ ጣሉ፣ መሠረት ቆፈሩ፣ በርሜሉን አቆሙ። ከሶዶ ባመጣሁት አንድ ጆንያ ቆረቆንዳ ሞከርኩት። ሰማያዊ። ወንዶቹ አጨበጨቡ። አባባ ከበረንዳው አየ፣ አልወረደም።

አሁን ብዙ ቆረቆንዳ ያስፈልጋል። የጎረቤታችን የወ/ሮ አስካለ ቃል በሴቶቹ ዘንድ ይሰማል፤ እሳቸውን ያዝኩ። ሴቶቹን ሰበሰቡልኝ። አፈርና ድንጋይ እንዳይኖርበት አልኩ፣ አፈሩ እሳቱ ውስጥ ቀልጦ ጉሮሮውን ይዘጋብኛል። ተስማሙ፣ ተሳሳቁ። በቆሎ በቆሎን ሊፈጭ ነው አሉ። ከየቤቱ አንድ ጆንያ፣ ለዓርብ።

ደብተር፣ በክንፍ ነኝ።

ነሐሴ 23፣ ዓርብ

ጉድ ሆንኩ።

ጆንያዎቹ መጡ። ስከፍታቸው ቆረቆንዳው ነጥቷል፣ ያብለጨልጫል። አጥበውታል። ሁሉም። ምንጭ ወርደው፣ በእንስራ ቀድተው፣ አንድ በአንድ አሽተው። ላዩ ጠፈፍ ብሏል፣ ሆዱ ውሃ ነው።

እንግዲህ ይደርቅ ይሆናል ብዬ ጨመርኩት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ነጭ እንፋሎት ወጣ፣ ሙቀቱ ወረደ፣ ነበልባሉ ጠፋ፣ ቱቦው እንደገና ሙጫ በሙጫ። እኔም አፌን ከፈትኩ። ማን እጠቡ አላችሁ አልኩ። ሌላም ብዙ አልኩ፣ እዚህ አልጽፈውም። ነጠላቸውን ሰብስበው አንድ በአንድ ወጡ። ወ/ሮ አስካለ መጨረሻ ወጡ።

አባባ በረንዳ ላይ ቆሞ ነበር። ሁሉንም ሰማ።

ነሐሴ 24፣ ቅዳሜ

እማዬ ጠዋት ገና ፊቴን ሳልታጠብ ጀመረችኝ። ሰው ቤት ቆሻሻ ይዞ የሚገባ ማን አይተሻል? ቅቤ እንኳ የምንሰጠው በታጠበ ኮባ ጠቅልለን አይደለም ወይ? አፈር አይኑርበት ካልሽ እነሱ ለአባትሽ ቤት አፈር ይዘው ይመጣሉ? አክብረውሽ ነው። አንቺ ግን ተምረሽ ምላስ ይዘሽ መጣሽ።

ሄድኩ። ወ/ሮ አስካለ በር ላይ ቆሜ ይቅርታ ጠየቅኩ። ቁጭ በይ አሉኝ። ፊታቸው አልተፈታም፣ ግን ትኩስ ቦዬ፣ ጎዳሬ ማለቴ ነው፣ በዳታ አቀረቡ። እየበላሁ ቀና አልኩ። ከምድጃው በላይ ቆጥ፣ ቆጡ ላይ የዘር በቆሎ። ክረምቱ እንዲህ እያወረደው፣ ጭሱ እየነካው፣ ደረቅ። አንዱን አውርጄ በጥፍሬ መታሁት። ቋ አለ።

ጎዳሬዬን ትቼ ተነሳሁ። እኔ እዚህ የምድጃ ማድረቂያ በብየዳ ልሠራ ሳስብ ጉኑኖ ሙሉ በየቤቱ ማድረቂያ አለ፣ ሌት ተቀን የሚሠራ። እያንዳንዷ ጆንያዋን መልሳ ቆጧ ላይ ብታውለው በቃ።

ወ/ሮ አስካለ ሐሳቡን ወደዱት። ግን ያኮረፈን ሰው ጆንያሽን መልሰሽ ውሰጂ ማለት ሌላ ስድብ ነው አሉ። ከእኔ አፍ ከወጣ አይሆንም። እሳቸውም ቢሉት አይበቃም። እንግዲህ የሚሰማ ቃል ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ ላም በሰማይ ያለኝ ሰው ነው። ለአባባ ነገርኩት። ሰማኝና መጽሐፍ ቅዱሱን ገለጠ።

ነሐሴ 25፣ እሁድ፣ ከቸርች መልስ

ነጠላዬን ሳላወልቅ ነው የምጽፍልህ።

ስብከቱ አለቀ። ማስታወቂያ ተነበበ። የእገሌና የእገሊት ጋብቻ፣ የመዘምራን ልምምድ ወደ ሐሙስ መዛወሩ። ከዚያ አባባ ከሽማግሌዎቹ ወንበር ተነሳ። ክው አልኩ። አባባ መድረክ ላይ የሚወጣው ሰው ሲሞት ወይም ሲታረቅ ነው።

በወላይትኛ ተናገረ፣ ቀስ እያለ። ልጄ በአፏ በድላለች አለ። እናንተ ያጠባችሁት ለቤቴ ክብር ብላችሁ ነው፣ እግዚአብሔር ያክብራችሁ። አሁን ግን ቆረቆንዳው እሳት ፊት መክረም አለበት። ቤታችሁ ወስዳችሁ ቆጥ ላይ አውጡልኝ፣ ሲደርቅ መልሱልኝ። ወፍጮው የእኔ ብቻ ሆኖ አያውቅም ብሎ ወረደ።

ወደ እኔ አልተመለከተም። እማዬ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። አለቀስኩ፣ በግልጽ፣ መሐረብ አጥቼ በነጠላዬ። ከመዘምራኑ አንዷ አይታኝ አብራኝ ታለቅሳለች፣ ምክንያቱን ሳታውቅ።

ከሰዓት ሴቶቹ መጥተው ጆንያዎቻቸውን ወሰዱ። አንዷ በጆሮዬ፣ ሌላ ጊዜ ምላስሽንም ቆጥ ላይ አድርቂው አለችኝ። ይገባኛል።

ጳጉሜን 4፣ ማክሰኞ

ዝናቡ ሳስቷል። ቤት ለቤት እዞራለሁ። ቆጥ ሥር ቆሜ፣ አንድ አውርጄ፣ በጥፍሬ እመታለሁ። ዷ ካለ ይቆያል፣ ቋ ካለ ይመጣል። ልጆች ከኋላዬ ተሰልፈው ቋ፣ ቋ ይላሉ። ስሜ ጠፋ፣ በየመንደሩ ቋ የምትለዋ ተብያለሁ።

ብረት ገዢው ዛሬ አለፍ ሲል ጎራ አለ። ሞተሩን በዓይኑ መዘነ፣ የቱን ቡሎን አስቀድሞ እንደሚፈታ ለራሱ እያወራ። የእኔንም በርሜል አየና ይሄም ይሸጣል ወይ አለኝ። ደሜ ፈላ። ምላሴ ቆጥ ላይ ነው ብዬ ዋጥኩት። መልካም አዲስ ዓመት አልኩት።

መስከረም 5፣ ሰኞ፣ እኩለ ቀን

ዱቄት በዱቄት ሆኜ እጽፋለሁ። ገጹ ከነጣ ምክንያቱ ይህ ነው።

ጠዋት ወጣሁ። አባባ የለም፣ ለሽማግሌዎች ጸሎት ሄዷል። ዛሬ እንደምሞክር ያውቃል። ማየት ስላልፈለገ ነው የሄደው አልኩ። ቅስሜ ስብር ብሎ ወፍጮ ቤቱ ደረስኩ።

ደፉ ላይ ጆንያ። ፈታሁት። ማኑቬላው፣ በቅባት የተወለወለ።

ቁጭ አልኩ። ለሙከራው ከሶዶ የመጣው ይርጋ ምን ሆንሽ አለኝ። ምንም አልኩት። እሱም ማኑቬላውን አየ፣ እሳቱን ሊያይ ሄደ።

ሴቶቹ እህላቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆሙ፤ በርሜሉን በደረቁ ቆረቆንዳ ሞላነው። ፍሙ ጋለ፣ መለኪያው ወጣ፣ ነበልባሉ ሰማያዊ። ሞተሩ ውስጥ ይርጋ ከሶዶ ያመጣውን ጥቂት ናፍጣ ጨመርን፤ ጨርሶ ያለ ናፍጣ አይሆንም፣ ለማቀጣጠል ጠብታ ይፈልጋል። ማኑቬላውን ሰካሁ። እግሬን አመቻቸሁ። አዞርኩት፣ አዞርኩት፣ ወደ ኋላ መታኝ፣ ትከሻዬን ነቀለው። አባባ ዋሽቶ አያውቅም። እንደገና። ተነሳ።

ያ ድምፅ። ዱክ ዱክ ዱክ።

ይህ ግን ገና በናፍጣ ነው። የጋዙን ቫልቭ ከፈትኩ፣ ናፍጣውን ቀስ በቀስ ቀነስኩ። የሞተሩ ድምፅ ወረደ። ዱክ... ዱክ... ሊሞት ነው። ወ/ሮ አስካለ ኢየሱስ ሲሉ ሰማሁ። ጋዙን ትንሽ ጨመርኩ፣ አየሩን ትንሽ። ያዘ። ወፈር ባለ፣ ረጋ ባለ ድምፅ ያዘ። ናፍጣውን እስከ ጠብታ አወረድኩት፣ አላወቀውም። ቀበቶው ተወጠረ፣ ድንጋዩ ዞረ፣ ወ/ሮ አስካለ የመጀመሪያውን ቁና ገለበጡ። ትኩስ ዱቄት እጄ ላይ ወረደ።

ሴቶቹ እልል አሉ። እኔም አልኩ፣ ዛሬ አልዋጥኩትም።

ቸርች ያለው ሩቅ አይደለም። በኋላ የሰማሁት ነው፦ ድምፁ ሲደርስ ሽማግሌዎቹ ጸሎት መሃል ናቸው። ሁሉም ሰሙ። ሲጸልይ የነበረው ሰውዬ ረጅም ጸሎት የሚወድ ነው፣ ገና ያልጸለየለት አገር ይቀረዋል። አባባ ዓይኑን አልገለጠም አሉ። አሜን እስኪባል ጠበቀ። አሜን ሲባል ግን ከሁሉም ቀድሞ ወጣ። በጓሮ አልመጣም። በዋናው መንገድ፣ በፊት ለፊት፣ መጽሐፍ ቅዱሱን በብብቱ ይዞ፣ በዚያ ዕድሜው እየሮጠ።

በሩ ላይ ቆመ። ሞተሩን አየ። ናፍጣው የት ነው አለ። ጣቴን ወደ ቆረቆንዳው ቀሰርኩ። ዱቄቱን ከእጄ አንስቶ በሁለት ጣቱ አሸት አደረገ። ትንሽ ሻክሯል፣ ድንጋዩን ጠበቅ አድርጊው አለኝ። ይህ የአባባ እልልታ ነው። ለሌላው አይመስልም፣ ለእኔ ይበቃኛል።

መስከረም 8፣ ሐሙስ

ሰልፉ እስከ ቸርች በር። እያንዳንዷ እህሏን በአንድ ትከሻ፣ ቆረቆንዳዋን በሌላ ይዛ ትመጣለች። ያልደረቀ ያመጣችውን ሴቶቹ ራሳቸው በጥፍር መትተው ይመልሷታል። እኔ አፌን መክፈት አያስፈልገኝም። ተመስገን።

ይርጋ ጽፈን እናሳትመው ይላል። ከጊፋታ በኋላ አልኩት። ተበላ ከሚባል ከተማም አንድ ባለወፍጮ መጥቶ ቀኑን ሙሉ ቆሞ አየ። ለእኔስ አትሠሪልኝም ወይ አለ። እሱ ጋ ቆላ ነው፣ ቆረቆንዳው ያለ ቆጥም ይደርቃል። እስቲ እናያለን አልኩ። በውስጤ ግን በርሜሉን ቆርጬ ጨርሻለሁ።

መስከረም 15፣ ሐሙስ

ጊፋታ ደረሰ። ዛሬ ብረት ገዢው ፒካፑን፣ መቁረጫውንና ሁለት ጉልበተኛ ይዞ መጣ። ከሩቅ ድምፁን ሰምቶ የሌላ ሰው ወፍጮ መስሎት ነበር።

አባባ በሩ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጧል፣ ቅንድቡ ሳይቀር ዱቄት። ሰውዬው ቃል ቃል ነው አለ። አባባም ነው አለው። ካልዞረ ነበር ያልኩህ፣ ስማው። ሰውዬው ግን አልተወም፣ ይሄ ያረጀ ብረት ነው፣ ለአንድ ዓመት ቢዞር ነው፣ አሁኑኑ ደህና ዋጋ ልስጥህ አለ። አባባ የምሸጠው የለኝም አለ። እንዴት የለህም ሲለው በአገጩ ወደ እኔ አመለከተ። ማኑቬላው የእሷ ነው፣ እሷን ጠይቅ።

ሞተሩ ዱክ ዱክ ይላል። ሰውዬው ወደ እኔ ዞረ። የእጄን ዱቄት አራገፍኩ።

አይሸጥም አልኩት። ግን ደህና በርሜልና ወፍራም ቱቦ ካለህ ከአንተ እገዛለሁ፣ ለተበላው ባለወፍጮ ሁለተኛ ልሠራ ነው። አፍጥጦ አየኝ። ነጋዴ አይደል፣ ስንት በርሜል ትፈልጊያለሽ አለኝ። ፒካፑ ባዶውን እንዳይመላለስ ብሎም፣ በርሜሉን ሲያመጣ የሚስቱን በቆሎ ጭኖ ሊያስፈጭ ቃል ገብቶ ሄደ። ሴቶቹ ቆረቆንዳ ይዞ ካልመጣ ሰልፍ አይገባም ብለው ከኋላው ጮኹበት።

ውሳኔዬን ጻፍ ደብተር። ማስተማሩን አልተውም። ቅዳሜ ቅዳሜ ጉኑኖ ነኝ፣ በሌላው ቀን ወ/ሮ አስካለና አባባ ያዞራሉ። ዛሬ ጠዋት ሞተሩን ሳስነሳ ወ/ሮ አስካለን ማኑቬላውን አስያዝኳቸው፣ አንዴ መታቸው፣ ስቀው እንደገና ያዙ።

ማታ ሲዘጋ አባባ ማኑቬላውን በጆንያ ጠቅልሎ ሰጠኝ፣ አልጋሽ ሥር አድርጊው ብሎ። ተቀበልኩ። ጆንያውን ፈታሁና መለስኩለት። ግድግዳው ላይ ምስማር መታሁ፣ ዝቅ አድርጌ፣ ሴት ልጅ እጇ በሚደርስበት ልክ። ማኑቬላው ከዛሬ ጀምሮ የሚውለውም የሚያድረውም እዚያ ነው።